13ኛው ወር ሳይደርስ፦ ካናዳ አዲስ ለገባ ስደተኛ ቤተሰብ

ካርቱም፣ ካይሮ ወይም ናይሮቢ ዓመታት ጠብቆ ካናዳ የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ነገር ቢከብደውም አጠገቡ ሰው አለ። መንግሥት ወይም ስፖንሰር የቤት ኪራዩን ይሸፍንለታል፣ ሴትልመንት ወርከር (አዲስ ገቢን የሚረዳ ሠራተኛ) ቢሮ ለቢሮ ይዞት ይዞራል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግቡለታል። ብዙ ሰው የሚደናገጠው በዚያ ጊዜ ሳይሆን ዓመቱ ሲሞላ ነው። ላንድ ባደረጋችሁበት፣ ማለትም ካናዳ በገባችሁበት ቀን ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም የሚደርሱት በአንድ ሰሞን ነው። የ12 ወሩ ድጋፍ ይቆማል። የአውሮፕላኑና የሕክምና ምርመራው ብድር መከፈል ይጀምራል። ውጭ የቀረ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ በአጭሩ መንገድ የሚመጣበት የአንድ ዓመት ዕድል ይዘጋል። ስለዚህ ያንን ቀን ዛሬውኑ ካላንደር ላይ አክብቡት። ኩቤክ የራሱ አሠራር ስላለው እዚያ የምትኖሩ የድጋፉን ጉዳይ ከክፍለ ሀገሩ ጠይቁ፤ ሌላው አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

መነሻው ላንዲንግ ፔፐር የሚባለው የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መኮንኑ ፈርሙ ሲላችሁ ድካሙም ሌሊቱም አለ፣ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ስም ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑን ቁጥር በቁጥር አንብቡ። ሲን ነምበሩ (ለሥራና ለታክስ የሚያገለግለው የግል ቁጥር)፣ የጤና ካርዱ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው ሁሉ የሚገለበጠው ከዚያ ወረቀት ነው። ስህተቱን የሠሩት እነሱ ከሆኑ የማስተካከያ ማመልከቻ አለ። ስህተቱ ግን ከዓመታት በፊት እናንተ ወይም ሌላ ሰው የሞላው ፎርም ላይ ከነበረ ማስቀየሩ እጅግ ከባድ ነው።

በእኛ ሰው ወረቀት ላይ አደገኛው ስህተት ከዘመን አቆጣጠሩ የሚመጣው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው ኤፕሪል 20 ቀን 2015 ነው። ሳያሰላ 2007-08-12 ብሎ የጻፈለት ሰው ግን ኦገስት 12 ቀን 2007 ተወለደ ብሎ መዘገበው ማለት ነው፤ ልጁ በወረቀት ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ። እዚህ ትምህርት ቤት የሚመድበው ልጁ ካቆመበት ክፍል ተነሥቶ ሳይሆን በዕድሜው ነው። የልጆች ብርም (መንግሥት ለልጅ ማሳደጊያ በየወሩ የሚሰጠው) 18 ዓመት ሲሞላ ያበቃል። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ በዓመቱ ላይ 7 ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8። ቀኑንና ወሩን ግን በግምት አትሙሉ፤ በማስያ አስሉና የቤተሰቡን ሁሉ የልደት ቀን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከዚያ ብቻ ገልብጡ።

ስምም ያው ነው። አባት አበበ ከበደ ተስፋዬ፣ እናት አልማዝ ደስታ ወርቁ፣ ልጅ ዳዊት አበበ ከበደ ይባላሉ እንበል። ሦስተኛው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ሲመዘገብ ባል ተስፋዬ፣ ሚስት ወርቁ፣ ልጅ ከበደ ሆነው በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም ይኖራል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ግን ቢሮው ልጁ የእነሱ መሆኑን ከስሙ ብቻ ማየት አይችልም። መፍትሔው የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና የተረጋገጠ ትርጉሙን ሁልጊዜ አብሮ መያዝ ነው። አንዳንዱ ይቅለለን ብሎ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ ለልጁ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይሰጠዋል። ይህን አታድርጉ። ትምህርት ቤቱ ዳዊት ተስፋዬ፣ የጤና ካርዱ ዳዊት ከበደ ካለ ልጁ በሁለት ስም የሚጠራ ሁለት ሰው ይሆናል። መለወጥ ከፈለጋችሁ በክፍለ ሀገሩ ሕጋዊ የስም ለውጥ ሥርዓት አንዴ ለውጡና ሁሉንም ወረቀት አብራችሁ ቀይሩ።

ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሰርቪስ ካናዳ የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ቢሮ ሄዳችሁ ሲን ነምበር ታወጣላችሁ፤ በነፃ ነው፣ ፕላስቲክ ካርድ መስጠት ካቆሙ ስለቆየ የሚሰጣችሁ ቁጥሩ ያለበት ደብዳቤ ነው። የቋሚ ነዋሪ ቁጥር በ9 አይጀምርም፤ በ9 ከጀመረ እንደ ጊዜያዊ ነዋሪ መዝግበዋችኋልና እዚያው ጠይቁ። ቁጥሩን ለአሠሪ፣ ለባንክና ለታክስ ትሰጣላችሁ። ለአከራይ መስጠት ግዴታ የለባችሁም፣ ደብዳቤውንም ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ። ከዚያ ባንክ፣ የክፍለ ሀገሩ የጤና ካርድ፣ ወዲያው ደግሞ የልጆች ብር ማመልከቻ ይከተላል።

ፒአር ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያው) ራሱ በፖስታ ይመጣል፣ ግን አድራሻ ከገባችሁበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ዘንድ መድረስ አለበት። ካለፈ እንደ አዲስ አመልክታችሁ ክፍያ ትከፍላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው መጀመሪያ የሚያርፈው ሆቴል ወይም ጊዜያዊ ማረፊያ ስለሆነ ነው። ከሳምንታት በኋላ ወደ ቋሚ ቤት ይዛወራል፣ ደብዳቤው ግን ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳል። ኢሚግሬሽን፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ሲአርኤ፣ የጤና ካርዱ ቢሮና ባንኩ አድራሻችሁን አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መንገር አለባችሁ። አዲሱ ቤት አፓርትማ ከሆነ የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ በገባችሁበት ቀን ተቀበሉ፣ ሳጥኑ ላይም የሁላችሁንም የቤተሰብ ስም ለጥፉ። በአባት ስም ብቻ ከተለጠፈ ፖስተኛው በእናት ስም የመጣውን ደብዳቤ የቀድሞው ተከራይ ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ የልጆች ብር ደብዳቤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በእናት ስም ነው።

የልጆች ብሩን ጠለቅ አድርጌ ልግለጸው፤ የብዙ ልጆች ቤተሰብ በዓመቱ መጨረሻ የሚቆመው በእሱ ነው። ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የገባ ቤተሰብ የመቆያ ጊዜ ሳይጠብቅ ወዲያው ያመለክታል። ፎርሙ አርሲ 66 ይባላል፣ ለአዲስ ገቢ ደግሞ ስለ ነዋሪነትና ስለ ገቢ የሚጠይቅ ተጨማሪ ቅጽ አለው። አመልካቿ እናት ናት፤ ልጆቹ ከእናት ጋር ከሆኑ ሲአርኤ ዋና ተንከባካቢ አድርጎ የሚወስደው እሷን ነው። አባት ካመለከተ የእናት ፊርማ ያለበት ማስታወሻ ማያያዝ ያስፈልጋል፣ ሳይያያዝ ሲቀር ጉዳዩ ይንከባለላል። የገቢው ክፍል ካናዳ ከመግባታችሁ በፊት የነበረውን የሁለታችሁንም ገቢ ይጠይቃል። ስደት ላይ ገቢ ካልነበራችሁ ዜሮ ጻፉ እንጂ ባዶ አትተዉት፤ ባዶ ቦታ ያልተሞላ ፎርም ነው። ባለቤቷ ገና ውጭ ያለች እናት የእሱንም ገቢ ማሳወቅ አለባት፣ ለዚህም ሲቲቢ 9 የሚባል የተለየ ፎርም አለ። በመጨረሻ የልጆቹን የልደት ማስረጃና የሁላችሁን ላንዲንግ ፔፐር ኮፒ ታያይዛላችሁ። ኦሪጅናል በፖስታ አትላኩ።

ከጸደቀ በኋላ ብሩ በየወሩ ወደ 20ኛው ቀን አካባቢ ይገባል፣ ታክስም አይከፈልበትም። የሚቋረጥበት ዋናው ምክንያት ታክስ ፋይል አለማድረግ ነው። የብሩ ዓመት ከጁላይ እስከ ጁን ስለሆነ፣ እስከ ኤፕሪል 30 ባልም ሚስትም ፋይል ካላደረጉ ጁላይ ላይ ይቆማል። ገቢ የለኝም ማለት አያድንም፤ ምንም ያልሠራው ሰውም ፋይል ያደርጋል። ዲሴምበር ላይ የገባ ቤተሰብ እንኳ በሚቀጥለው ኤፕሪል ተራው ይደርሳል፣ ወረቀቱ ላይም የገባበትን ቀን ይጽፋል። በየከተማው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ፈቃደኞች በነፃ የሚሠሩበት የሲአርኤ የታክስ ክሊኒክ ፕሮግራም አለ፤ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በላይብረሪና በማኅበረሰብ ማዕከል ፈልጉት። ሌላው ብር የሚያቋርጠው ከሲአርኤ የመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት መቅረቱ ነው። ልጁ አብሯችሁ መኖሩን በትምህርት ቤት፣ በሐኪም ወይም በአከራይ ደብዳቤ አረጋግጡ ይላል፣ ቀነ ገደቡም ውስጡ ተጽፏል። ስልክ ደውሎ የታክስ ዕዳ አለብህ፣ በጊፍት ካርድ ክፈል የሚል ሰው ግን ሲአርኤ አይደለም፤ ዝጉበት።

ቀጠሮን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ክሊኒኩ 9 ኤኤም ካለ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ 2 ፒኤም ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት። ቤት ውስጥ አንዱ በአበሻ ሰዓት ሌላው በፈረንጅ ሰዓት እየጻፈ ስፔሻሊስት ጋ የተያዘ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው፤ ዳግም ለማግኘት ደግሞ ወራት ይፈጃል። ፍሪጁ ላይ የምትለጥፉት ካላንደር በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይሁን፣ ስልካችሁም እንዲሁ።

በጤናው በኩል በክፍለ ሀገሩ ካርድ ላይ ተጨማሪ የፌዴራል ሽፋን አለ፤ ድጋፍ ላይ እስካላችሁ ድረስ ለመድኃኒት፣ ለጥርስና ለመነጽር ያግዛል። የሚያስተዳድረው ሜዳቪ ብሉ ክሮስ የሚባል የኢንሹራንስ ድርጅት ስለሆነ፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት እዚያ የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ያልተመዘገበ ሐኪም ሒሳቡን ለእናንተ ይልከዋል። ጥርስና መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ከ12ኛው ወር በፊት ይጨርስ፣ ድጋፉ ሲያበቃ ያ ክፍል አብሮ ስለሚያበቃ። ሐኪም ቤት ስትገቡ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁና ቀጠሮ ስትይዙ ጊዜ አማርኛ አስተርጓሚ በሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የእናቱን የማኅፀን ሕመም ወይም የአባቱን የስቃይ ታሪክ ለሐኪም የሚተረጉም የ12 ዓመት ልጅ ሸክሙን ይዞ ነው ወደ ቤት የሚመለሰው፤ ደግሞም የማያውቀውን የመድኃኒት መጠን ይገምታል። ለድንገተኛ አደጋ 911 ደውላችሁ አምሃሪክ በሉ። ለጤና ጥያቄ በብዙ ክፍለ ሀገሮች 811፣ ለማንኛውም ማኅበራዊ አገልግሎት 211 አለ።

ልጅ ማሳደግን በተመለከተ ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ከ2 ዓመት በታች ያለን ወይም አሥራዎቹ ውስጥ የገባን ልጅ መምታት፣ በዕቃ መምታት፣ ጭንቅላትና ፊት መምታት የሕግ ከለላ የለውም። መምህርና ሐኪም ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ለሕፃናት ጥበቃ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ጠልተዋችሁ አይደለም። ሠራተኛ ቤት ከመጣ በሩን አትዝጉ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ሳይገባችሁ ምንም አትፈርሙ።

ስለ ቤቱ የማስጠነቅቀው አንድ ከባድ ነገር ከሰል ነው። ክረምት ላይ መስኮቱ ተዘግቶ በተቀመጠ አፓርትማ ውስጥ ለቡና ወይም ለዕጣን ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያንቀላፋል፣ ሰውም ድካም ነው ብሎ ይተኛል። ኮሪደር ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማድረጉ አያድንም፣ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት። ከዚህ ጋር የጭስ አላርሙ አለ። ቡና ሲቆላ ወይም ቁሌት ሲያር ይጮኻል፣ ሰው ደግሞ ሰልችቶት ባትሪውን ያወጣዋል። ይህ ሕገ ወጥ ነው፣ ሌሊት እሳት ቢነሣም የሚቀሰቅሳችሁ የለም። ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ ቀድማችሁ አብሩ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ ከጮኸ ፎጣ እያወዛወዛችሁ አየሩን አጥሩ።

ዘጠነኛው ወር ሲደርስ ቁጭ ብላችሁ ሒሳብ ሥሩ። በአንድ ወረቀት ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክ፣ አስቤዛና ትራንስፖርት ጻፉ፤ በሌላው በኩል የልጆች ብርና ከሥራ የሚገባውን። የሚቀረው ጉድለት ከታወቀ ሦስት ወር አላችሁ። ቤቱ ውድ ከሆነ ውሉን የማቋረጫ ማስታወቂያ ጊዜውን አስቀድማችሁ እዩ። አዲስ ቤት ስትይዙ ኦንታሪዮ ውስጥ አከራይ የመጨረሻ ወር ኪራይ መጠየቅ ይችላል እንጂ የጉዳት መያዣ መጠየቅ አይችልም፤ አልበርታ ውስጥ ግን እስከ አንድ ወር ኪራይ መያዣ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ የሚመዘግበውን ምርመራ አብራችሁ አድርጉ፣ ፎቶም አንሡ። ሥራ ካልተገኘ የክፍለ ሀገሩን ማኅበራዊ እርዳታ በ11ኛው ወር ጠይቁ፣ ድጋፉ ከቆመ በኋላ ማመልከት ማለት ያለ ገቢ መጠበቅ ነው። በሊንክ የእንግሊዝኛ ክፍል ላይ ያላችሁ ደግሞ ሥራ ተገኘ ብላችሁ አታቋርጡ፣ የማታና የቅዳሜ ክፍል ጠይቁ፤ በነፃ የሚሰጠው ዜግነት እስክታገኙ ብቻ ነው።

ብድሩን በተመለከተ፣ ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ ወለድ አይከፈልበትም፤ ክፍያው የሚጀምረው ከገባችሁ ከ12 ወር በኋላ ሲሆን እንደ ዕዳው መጠን ከ3 እስከ 8 ዓመት ይከፈላል። ደብዳቤው ሲመጣ መክፈል ካልቻላችሁ ዝም አትበሉ፣ ደውላችሁ ክፍያው እንዲቀነስ ወይም እንዲራዘም ጠይቁ። ያልተከፈለ የኢሚግሬሽን ብድር ወደፊት ዘመድ ስፖንሰር እንዳታደርጉ ይከለክላል። በግል ስፖንሰር የመጣችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ስፖንሰሩ ያወጣሁትን መልሱልኝ የማለት መብት የለውም። ከመምጣታችሁ በፊትም በኋላም ስደተኛውን ማስከፈል በፕሮግራሙ የተከለከለ ነው። መንግሥት የሚያስከፍለው ብድርና ስፖንሰሩ የሚጠይቀው ገንዘብ ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛውን ከተጠየቃችሁ ለኢሚግሬሽን ማመልከት ትችላላችሁ፣ ነዋሪነታችሁም በዚህ አይነካም።

ውጭ የቀረ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ያለው ሰው የአንድ ዓመቱን ማመልከቻ በመጨረሻው ወር አይጀምር። ይህ መንገድ የሚሠራው ለባል፣ ለሚስት ወይም በጋብቻ መልክ አብሮ ለሚኖር እና ለጥገኛ ልጅ ነው። ወንድም፣ እኅትና ወላጅ አይካተቱም። ሰውየው ከመብረራችሁ በፊት ፋይላችሁ ላይ ተጽፎ መሆን አለበት። ቪዛ ከወጣ በኋላ የተወለደ ልጅ ወይም የተፈጸመ ጋብቻ እንኳ ከጉዞ በፊት ካልተነገረ ትልቅ ችግር ያመጣል። የዘመድ ልጅን የራስ ልጅ አድርጎ ማስመዝገብ በዲኤንኤ ምርመራ ይወጣል፣ እውነተኞቹ ልጆችም አብረው ይጉላላሉ። ፎቶ፣ ሐዋላ የላካችሁበት ደረሰኝና የጋብቻ ወረቀት ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ሰብስቡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት አደጋ የፓስፖርት ነው። ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ ስደተኛ ሆኖ የተቀበሉት ሰው በፈቃዱ ወደ ሸሸው መንግሥት ጥበቃ ተመልሷል ተብሎ ከተወሰነበት ስደተኝነቱ ይነሣል፣ ቋሚ ነዋሪነቱም አብሮ ይሄዳል። ኤምባሲ ሄዶ የአገሩን ፓስፖርት ማሳደስና በእሱ መጓዝ ዋናው ማስረጃ ነው፤ እናቴ ታማብኝ ነው ማለት ብቻ አያድንም። ለጉዞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አውጡ፣ በእሱም ቢሆን ወደ ሸሻችሁት አገር አይሄድም። የግድ የሚያስኬድ ነገር ከመጣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ይህ ስጋት የሚቀረው ዜግነት ሲገኝ ነው። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል፤ ከ18 እስከ 54 ዓመት ያለ ሰው በመስማትና በመናገር በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 4 እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ማሳየት አለበት፣ የሊንክ የምስክር ወረቀትም ለዚህ ያገለግላል። ከካናዳ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ሁሉ ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ በደብተር ያዙ፣ ቆጠራው ላይ አንድ ቀን ቢጎድል ማመልከቻው ስለማያልፍ 1,095ኛው ቀን በሞላ ማግስት ሳይሆን ጥቂት ሳምንታት ጨምራችሁ አስገቡ።